እናት የምትኖርበት ስልክ

ቬንካ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ሰው ስታሳልፍ የኖረች ሴት ናት። ከሮዶፒ ተራሮች ሥር፣ ጠባቡ ሐዲድ የመንደሩን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ አንዲት ክፍል ቤት፣ አንድ ደወልና አንድ ቀይ ባንዲራ ተሰጥቷት ነበር። ባቡር ሲመጣ ማገጃውን ታወርዳለች፤ ሲያልፍ ታነሣለች። ባቡሩ ትንሽ ነው፤ አቀበቱን ሲወጣ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ስለዚህ በየመስኮቱ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ታያቸው ነበር። እጇን ታውለበልብላቸዋለች። አንዳንዱ ይመልስላታል፤ አንዳንዱ ፖም እየገመጠ ዝም ብሎ ያልፋታል። ማታ ለባሏ ለሜቶዲ «ዛሬ አንዲት ሙሽራ አለፈች፤ ታለቅስ ነበር» ትለዋለች።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ማለፏን ነው።»

አንድ ልጇ ኢስክራም ያለፈችው በዚያው ባቡር ነው። ያን ቀን ቬንካ ማገጃውን አውርዳ እንደ ወትሮዋ ቆመች። ባንዲራው ከተጠቀለለ እለፍ ማለት ነው፤ ከተዘረጋ ቁም። የኢስክራ ፊት በሦስተኛው መስኮት ብቅ ሲል የእናቷ እጅ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ባንዲራውን ዘረጋችው። ባቡሩ እያንቋረረ ቆመ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ፣

«ቬንካ! ምን ተገኘ? ላም ነው?» አለ።

«ምንም የለ። ተሳስቼ ነው።»

«እግዚአብሔር ይይልሽ፤ ነፍሴን አወጣሽው እኮ!»

ኢስክራ በመስኮቱ ሆና እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ቬንካ ባንዲራውን ጠቀለለች። ባቡሩም ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ኢስክራ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ገብታ፣ ፕላመን የሚባል ያገሯን ልጅ አግብታ ራይናን ወለደች። እሷ ሌሊት ዳቦ ቤት፣ እሱ ቀን ግንባታ ላይ ስለሚሠሩ ልጅ የሚይዝላቸው ጠፋ። የመኖሪያ ወረቀታቸውም ገና ስላላለቀ አንዴ ከወጡ መመለሻ የላቸውም። ስለዚህ ራይናን ጥርስ እንኳ ሳታወጣ፣ አገር ቤት ልትጠይቅ የምትሄድ አንዲት ጎረቤት ታቅፋ አመጣቻት። ቬንካ ያኔ ጡረታ ወጥታ፣ እጇ የሚያነሣውና የሚያወርደው ነገር አጥቶ ተቀምጣለች። ሕፃኗን ስትቀበል እጇ ሥራ አገኘ።

ራይና በደረቅ ዳቦ ቅርፊት ጥርሷን አወጣች፤ በአያቷ ፍየል ጢም ተንጠልጥላ መቆም ተማረች። አያቷን «ባባ» ትላታለች፤ ያገሩ ልጅ ሁሉ አያቱን እንደዚያ ነው የሚጠራው። እናቷን ደግሞ በየማታው ታያታለች። ከራት በኋላ ሜቶዲ ስልኩን በዳቦ መሶቡ ላይ ያስደግፈዋል፤ ኢስክራ ከዚያ ውስጥ ትስቃለች፣ ትዘፍናለች፣ ስክሪኑን ትስማለች። «እማ የታለች?» ሲሏት ራይና ስልኩን ትጠቁማለች። አንድ ማታ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየች። የቀረውን የእናቷን አካል እየፈለገች ነበር። ቬንካ ያን አይታ ወጥ ልታማስል የሄደች መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

በእነሱ ዘንድ ሕፃን የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ ክብ ዳቦ ይጋገርለታል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ መቀስ፣ ብዕር፣ ጭልፋ፣ ክር ይደረደርና ያነሣው ነገር የወደፊት ሥራው ነው ይባላል። ራይና ሁሉንም ረግጣ አለፈች። ሄዳ ሄዳ ግድግዳው ሥር ተደግፎ የነበረውን፣ እናቷ ከውስጡ ሆና የምታይበትን ስልክ አነሣች።

«ስልክ ቤት ትቀጠራለች!» ብሎ ጎረቤቱ አጨበጨበ።

«እኔን ነው የመረጠችኝ፤ አያችሁ? እኔን!» አለች ኢስክራ ከስልኩ ውስጥ።

ቬንካ ግን አላጨበጨበችም። ልጅቷ የመረጠችው ስልኩን እንደሆነ ታውቃለችና።

እንዲህ እንዲህ ሲል ለራይና የሕፃናት ማዋያ ተገኘና «አምጪልኝ» የሚለው ቃል መጣ። ከጉዞው በፊት ኢስክራ ብቻዋን ሆና ደወለች። ፊቷ ላይ ዱቄት ነበረ።

«እማዬ፣ ባታውቀኝስ?»

«ደም ደሙን ያውቃል።»

«ከእጄ ሸሽታ አንቺ ቀሚስ ውስጥ ከገባችስ? እኔ እኮ አልችለውም። እውነቴን ነው፤ እዚያው ወለሉ ላይ ነው የምወድቀው።»

«አትወድቂም። ፊትሽን ታጠቢ፤ የዱቄት ከረጢት መስለሻል።»

አለች እንጂ፣ ቬንካ ራሷ ደም ደሙን ያውቃል በሚለው ነገር እምነት አልነበራትም። ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ስታስር «ይቺ ልጅ ወደ እናቷ ትሄድ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ሰነበተ።

አውሮፕላን ስትሳፈር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ቪየና ላይ ወደ ትልቁ ከተዛወሩ በኋላ ራይናን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታዋን ያዘች። ከጎኗ የተቀመጠው ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ወደ ከረጢቷ አጎንብሶ አሸተተ።

«እትዬ፣ የእኛ ሰው ነዎት መሰለኝ።»

«በምን አወቅህ?»

«ባኒጻው ተናገረ። አይቡ የቤት ነው አይደል?»

«አፍንጫህ ይባረክ። እንካ፣ ቅመስ።»

ሊዩቤን ይባላል፤ ቶሮንቶ ውስጥ ጣሪያ ይሠራል። ባኒጻውን፣ ያን አይብ የተሞላ ቂጣ፣ በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ጣቱን ላሰ። ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጇ ሻይ ይዛ መጣች። ቬንካ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበርና በደስታ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ አለፈች። ዶሮ በሩዝ ይዛ ተመለሰች፤ ቬንካ ወዘወዘች፤ አሁንም አለፈቻት።

«እነዚህ ሰዎች ያሳዩናል እንጂ አይሰጡንም እንዴ?»

ሊዩቤን ሳቁ አንቆት፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ እምቢ እያሉ ነው! ያገራችን እሺታ እዚህ እምቢታ ነው» አላት።

«እኔ? እኔማ እሺ ነው የምለው!» ብላ ጭራሽ አጥብቃ ወዘወዘች።

ራይናም እሷን አይታ ወዘወዘች። ሊዩቤን አስተናጋጇን ጠርቶ ዶሮውን አስመጣላቸው።

ምግቡ ተነሥቶ፣ ደመናው ገለጥ ሲል ቬንካ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ከታች አንድ ሐዲድ የመሰለ ቀጭን መስመር ብልጭ አለና ጠፋ። እዚያ አጠገብ የቆመ ሰው ቢኖር እጁን ያውለበልብ ነበር? እጇን ወደ መስታወቱ አነሣች። ማንም እንደማያያት እያወቀች አውለበለበች።

ያን ጊዜ ራይና «እማ» አለች።

በአገር ቤት ሰዓት የራት ጊዜ ደርሶ ነበር። ሆዷ ሰዓቱን ያውቃል፤ ከራት በኋላ እናት አለች። «እማ! እማ!» እያለች የቬንካን ኪስ ትጎትት ጀመር። ቬንካ ስልኩን አወጣች፤ እዚህ ሰማይ ላይ ግን ጥሪ የለም። ፎቶ ከፈተችላት። ኢስክራ ፈገግ ብላ ቆማለች። ራይና ጠበቀች። ፎቶው አልዘፈነም፣ ስሟን አልጠራም። በትንሽ መዳፏ መታችው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ለቅሶዋ አውሮፕላኑን ሞላው።

«ምነው ሚጢጢዬ?» አለ ሊዩቤን። «እናትሽማ ይቺውልሽ፣ ታቅፋሽ! አይ እትዬ፣ እናት ስታረጅ ልጇም አይለያትም ማለት ነው?» ቀልድ መሆኑ ነው። እንድትዝናና ብሎም የራሱን ስልክ አወጣላት። ራይና እንዳየችው ለቅሶዋን ቆርጣ «እማ!» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሊዩቤን ስልኩን አየ፤ ልጅቷን አየ። «ብዙ ስም ወጥቶልኛል፤ ስልኬን እናት ያለው ግን እስከ ዛሬ የለም።»

ቬንካ ነገሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው። ስለ ማታ ማታው፣ ስለ ዳቦው፣ ስልኩን ስለ መገልበጧ። ሲሰማ ፈገግታው ከፊቱ ቀስ እያለ ወረደ። ስልኩን ራይና እጅ ላይ ተወላት።

ራይና ግን በዚያ አልረካችም። ከጭን ተንሸራትታ ወረደችና በመተላለፊያው ሄደች። ቬንካ ወገቧን እየደገፈች ተከተለቻት። በየወንበሩ ጀርባ ስክሪን አለ፤ በየሰዉ እጅ ስልክ አለ። ለሌላ ሰው ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ለራይና ግን መንገዱ ሁሉ እናት የምትኖርባቸው መስኮቶች ነበሩ። አንዱ ጋ ቆማ አየች፤ መኪና ይሯሯጣል። ሌላው ጋ አየች፤ አንድ ድብ ማር ይልሳል። ሌላው ጋ ሰማያዊ ካርታ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ተለጥፋለች። ወደ ባባ ዞራ ሁለት መዳፎቿን ከፈተች፤ «የለችም።» ቀጣዩ ጋ ሄደች፤ «የለችም።» ተሳፋሪዎቹ ቋንቋዋን ባያውቁም እየሣቁ እጃቸውን ዘረጉላት፤ አንዲት አሮጊት ብስኩት ሰጠቻት። ብስኩቱን ይዛ ፍለጋዋን ቀጠለች።

ቬንካ ወንበር ወንበሩን እየያዘች ከኋላዋ ትሄዳለች። እሷ በወጣትነቷ በመስኮቶች የሚያልፉ ፊቶችን ስታይ አንዱም የእሷ እንዲሆን ጠብቃ አታውቅም። ይቺ ሕፃን ግን በእያንዳንዱ መስኮት የራሷን ሰው ትጠብቃለች። እንዴት ያለ ልብ ነው፣ አንድም ጊዜ ሳይታክት የሚጠብቅ!

ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ማስተማር ጀመረች። የራይናን እጅ ይዛ በገዛ ክንዷ ላይ አስኬደችው። «ይኸውልሽ፣ እማም እንዲህ ያለ እጅ አላት። እግር አላት። ጡት አላት። ትሞቃለች። ሰማሽኝ? እማ ትሞቃለች።»

«ባባ» አለች ራይና ክንዷን እየደባበሰች።

«አዎ፣ ይኼ የባባ ነው። የእማም አለ።»

«ባባ» አለች አሁንም፤ ጭንቅላቷን እዚያው ክንድ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት።

የተኛ ልጅ ከነቃ ልጅ ይከብዳል። ምናልባት ልጁ ራሱን ሙሉ በሙሉ ስለሰጠ ይሆናል። ቬንካ ክንዷ ደንዝዞ ሳለ ልታነቃንቀው አልፈለገችም። በዚያች ሰዓት፣ ለባሏ እንኳ የማትናገረው ሐሳብ መጣባት፦ ባትሄድላትስ? እምቢ ብላ ቀሚሴ ውስጥ ብትደበቅስ? ሐሳቡ ጣፈጣት። ወዲያው ደግሞ ዱቄት የነካው የልጇ ፊት ታያትና በራሷ አፈረች። ሁለቱን ምኞቶች በአንድ ደረት ይዛ፣ አውሮፕላኑ ውቅያኖሱን እስኪጨርስ ድረስ አልተኛችም።

ቶሮንቶ ሲደርሱ ሊዩቤን ሻንጣቸውን በጋሪ እየገፋ አብሯቸው ወጣ። በሩ ሲከፈት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ኢስክራ ከሁሉ ፊት ነበረች፤ በስልኩ ውስጥ ከምትታየው ይልቅ አጠር፣ ከሳ ብላለች። «ራይና!» ብላ እየሮጠች መጣች።

ራይና ዘወር አለችና የባባን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ተደበቀች።

ኢስክራ ሁለት እርምጃ ሲቀራት እንደ ደረቀች ቆመች። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ፕላመን ከኋላ ደርሶ ትከሻዋን ያዛት። ቬንካ የራይና ጣቶች ጭኗን ሲቆነጥጡ ተሰማት፤ እንዴት ያለ ጥብቅ አያያዝ! በአውሮፕላኑ ውስጥ የተመኘችው ይኸው ደረሰላት። አልጣፈጣትም።

«ቁጭ በይ» አለቻት ልጇን። «ቁጭ በይና አውሪ። ማታ ማታ እንደምታወሪው።»

«ምን ልበል እማዬ?»

«የፈለግሽውን። ዝም ብለሽ አውሪ!»

ኢስክራ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ራይና፣ የኔ ድንቢጥ... ፍየሏ ዛሬ ገንፎ በላች? ወይስ አንቺ በላሽባት?» ድምፅዋ ተሰባበረ።

ራይና ድምፁን ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው የቬንካን ኪስ ነው። መታ መታ አደረገችው። ቬንካ ጎንበስ ብላ፣ ቀሚሷን የያዙትን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታችና ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ራይና መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች። ድምፁ ከፊቷ ይመጣል። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ሄደች። ከዚያ አመልካች ጣቷን አውጥታ የእናቷን ፊት መሐል ለመሐል ተጫነች። ቤት ሳሉ እንዲህ ስትነካው ስክሪኑ ይጨልማል፤ እናትም ትጠፋለች። አሁንም እስክትጠፋ ጠበቀች። አልጠፋችም። ጉንጯን ተጫነች። አልጠፋችም። ጣቷ ረጠበ፤ አንሥታ አየችው።

«ውሃ» አለች በመገረም።

«አዎ ውሃ ነው፣ የኔ እመቤት፣ ውሃ ነው» አለች ኢስክራ። ልጅቷም መዳፏን በሙሉ እዚያ ርጥብ ጉንጭ ላይ አሳረፈች፣ ይሞቃል፣ እዚያው ተወችው። ኢስክራ ቀስ ብላ አቀፈቻትና ተነሣች።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!» አለች ፕላመንን ተደግፋ ወደ በሩ እየሄደች።

«መጣሁ፤ ቅደሙ።»

ቬንካ ግን በሊዩቤን ሰፊ ትከሻ ተከልላ፣ ሆን ብላ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«ምነው እትዬ? ይድረሱባቸው እንጂ።»

«ዝም በል። ካየችኝ ታለቅሳለች። እንዲህ ቁምልኝ፣ አትንቀሳቀስ።»

ከትከሻው ጎን አጮልቃ አየች። ራይና አገጯን በእናቷ ትከሻ ላይ አድርጋ እየራቀች ነው፤ ዓይኗ ግን በሰዉ መካከል የሆነ ነገር ይፈልጋል። ቬንካ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ይበልጥ ተሸሸገች።