ባለ ሞላው ቢስክሌት

በደርግ ጊዜ ኡኬ በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ደግሞ ነቀምቴ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ስንጋባ ወደ ነቀምቴ ዝውውር እንደሚሰጠኝ ተነግሮኝ ነበር። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ተጋመሰ፤ ዝውውሩ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የጭነት መኪና እለምናለሁ። ሾፌሩ ጋቢና ካስገባኝ ሰው መስዬ እደርሳለሁ። ከላይ ከጆንያው ጋር ከጫነኝ ቅንድቤ ድረስ አቧራ ለብሼ እገባና ሚስቴ በር ላይ በመጥረጊያ ታራግፈኛለች። አንዳንድ ቅዳሜ ምንም መኪና ሳያልፍ ይመሽና ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ቢስክሌት መግዛት ያማረኝ ያኔ ነው።

ነቀምቴ ገበያው አጠገብ የጉራጌ ተወላጅ የሆኑ አንድ ነጋዴ ነበሩ። ምስማርም፣ ሽቦም፣ ጎማም ይሸጣሉ፤ ቢስክሌትም ይጠግናሉ። ስሄድ ሁለት ቢስክሌቶች ነበሯቸው። አንደኛው ጥቁሩ የቻይና ነው፤ ቁመቱ እንደ በቅሎ፣ ክብደቱም እንደዚያው፣ ኩንታል እህል ቢጭኑበት የማያጉረመርም። ሁለተኛው አረንጓዴ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው አሉኝ። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። ማርሽ አለው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሞላው ነው፤ የፊቱ ጎማ በሞላ ላይ ቆሟል፣ ከመቀመጫውም ሥር፣ የኋላውን ጎማ የያዘው ብረት ላይ ሌላ ወፍራም ሞላ አለ። እጄን ጭኜ ስገፋው ረገብ ብሎ ተመለሰ፤ የሚተነፍስ ነገር መሰለኝ።

ነጋዴው ፊቴን አይተው ገባቸው። «ልጄ፣ የቻይናውን ውሰድ» አሉኝ። «የሱ ዕቃ አምቦም አለ፣ ጊምቢም አለ። የዚህ ሞላ የተሰበረ ቀን ማን ይሠራልሃል?»

እውነታቸውን ነበር። ሁለቱንም ከሱቁ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወስጄ እንድሞክራቸው ፈቀዱልኝ። በቻይናው ስወርድ ድንጋዩ ሁሉ በወገቤ በኩል ጥርሴ ድረስ ወጣ፤ ፍሬኑን ብይዝ ብይዝ የሚቆመው ሲፈልግ ነው። በአረንጓዴው ያንኑ ቁልቁለት ስወርድ ድንጋዩ ከሥሬ ነበር፣ ግን የሌላ ሰው ድንጋይ ይመስል ነበር። ታች ስደርስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሰጥቼ እሱኑ ወሰድኩ።

ከነቀምቴ ወደ ኡኬ አገሩ ይወርዳል። ደጋውን ትተው ወደ ሙቀቱ ነው የሚሄዱት፤ መንገዱ ኮረት ነው፣ በክረምት ጭቃ። መውረዱን ቶሎ ለመድኩት። ፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ጉልበቴን ለቀቅ አድርጌ፣ ቢስክሌቱን ከሥሬ እንዲዘል እተወዋለሁ። ቁልቁለቱ ሲበረታ ቂጤን ወደኋላ ከጎማው በላይ እሰዳለሁ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አይደለም፤ ይህን ያስተማረኝ ግራ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ድንጋይን ካዩት ድንጋዩ ይስባል፤ መታየት ያለበት የሚታለፍበት ክፍተት ነው። ሽቅቡ ግን ሌላ ነው። እሑድ ወርጄ ቅዳሜ ስወጣ ከመንገዱ እኩሌታውን የምገፋው እኔ ነበርኩ። ቢሆንም በየሳምንቱ ሚስቴ ዘንድ ደረስኩ። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች «ባርሲሳ ቢስክሌታ» አሉኝ፤ ባለ ቢስክሌቱ አስተማሪ ማለታቸው ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ኡኬ ለመድረስ ትንሽ ሲቀር፣ መንገዱን ተጠግቶ ያርስ ነበር። ጎጆ ከወጣ ሁለት ክረምት አልሞላውም። አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ እኔ ነቀምቴ ስላደግሁ በኦሮምኛ ነው የምንጫወተው። «ሶዳ» ይለኛል፤ አማቼ ማለት ነው። ከጎጃም የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን በሰማ ቁጥር ለስላሳ የታዘዘ እየመሰለው ይስቃል። «ዳ»ው ጠበቅ ሲል ነው አማች የሚሆነው፤ ከላላ ፍርሃት ነው።

የቢስክሌቱን ደወል ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ጭቃ በጎማውና በብረቱ መሃል እየተጠቀጠቀ ሲያስቸግረኝ አይቶ ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ጭቃ መከላከያ ቀጥቅጦ ሠራልኝ። አንድ ቀን ልሞክረው አለና ወጣበት፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተጋድሞ፣ ለመነሳት እስኪያቅተው ሳቀ። ወንዝ ሲሞላ ቢስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ የሚያሻግርልኝ እሱ ነው። ወንድም የለኝም። ያኔ እንዳለኝ ሆኖ ይሰማኝ ጀምሮ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በተከራየነው ቤት ከሚስቴ ጋር ነበርኩ። ዝናቡ አላቋረጠም። የኡኬን መንገድ አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ በልቶት ከዚህም ከዚያም መኪና ቆሟል፤ ስልኩም ተበላሽቷል ይባል ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከመንግሥት ቢሮ ሰው መጥቶ ትፈለጋለህ አለኝ። ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ትሑት ነበር። ጓድ መምህር፣ በቢስክሌትህ ኡኬ ትመላለሳለህ ይላሉ፣ እውነት ነው? ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩ። በዚህ ጭቃ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል አለኝ። ከምሳ በፊት እደርሳለሁ አልኩት። ይህን ያልኩት በኩራት ነው፤ እስከ ዛሬ ድምፄ ይሰማኛል።

የታሸገ ፖስታ ሰጠኝና ዛሬውኑ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በእጁ እንድሰጥ፣ ለማንም እንዳልናገር አዘዘኝ። ፖስታው ታሽጎ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ የዚያው ደብዳቤ ቅጂዎች ተደርድረው ነበር፣ ማንበብ ደግሞ ሙያዬ ነው። «ብሔራዊ ውትድርና» የሚለውንና ከሥሩ ያለውን «ኮታ» የሚለውን ቃል አንብቤያለሁ። አላየሁም ብዬ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። አይቻለሁ።

ሚስቴ ኡኬ ከወረድክ ለወንድሜ አድርስልኝ ብላ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝና ሳሙና ሰጠችኝ። ሸሚዙን የሰፋችው ራሷ ናት። ከደብዳቤው ጋር በአንድ ቦርሳ አስገብቼ ወጣሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን ሳልናገረው ባልፍ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጭቃው ላይ ጎማው ይንሸራተታል፣ እኔም አብሬው እንሸራተታለሁ፣ ሞላው ይዞ ይመልሰኛል። መንገዱ የተበላበት ቦታ ስደርስ ሾፌሮች በሁለቱም በኩል እሳት አንድደው በቆሎ ይጠብሳሉ። ቢስክሌቱን ተሸክሜ በገደሉ ወርጄ በዚያ በኩል ስወጣ አጨበጨቡልኝ። እጄን አነሳሁላቸው።

አማቼ በቆሎው መሃል ነበር። ደወሉን ሰምቶ ወደ መንገዱ ወጣ። አንድ እግሬን ብቻ መሬት አስነክቼ ቆምኩ፤ እንዳልወርድ፣ ላቤም እንዳይበርድብኝ። ሸሚዙንና ሳሙናውን ሰጠሁት። ሸሚዙን ደረቱ ላይ ለክቶ ደስ አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ምልመላ ወሬ እንዳለ ነገረኝ። የሰፈሩ ወጣቶች ጊዳ አያና ወዳሉ ዘመዶቻቸው ለመሄድ እየተነጋገሩ ነው፤ እሱም አክስቱ እዚያ ናት፤ ግን በቆሎው ደርሷል፣ ዝንጀሮ ይጨርሰዋል፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

«ሶዳ፣ አንተ ከተማ ነህ ያለኸው» አለኝ። «ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

ደብዳቤው ጀርባዬ ላይ ነበር። «ምንም አልሰማሁም» አልኩት። «ሥራህን ጨርስ።»

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ያዘዘኝ ሰው ለማንም አትንገር ብሏል፣ በዚያ ጊዜ በትንሽ ወሬ የጠፋ ሰው አይቻለሁ። ሌላው ግማሽ ግን ከዚህ ያነሰ፣ ከዚህም የከፋ ነው። ቸኩዬ ነበር። ከምሳ በፊት እደርሳለሁ ብዬ ነበር፣ ልደርስም ነበር። «ነጋቲ» ብሎ ተሰናበተኝ፤ እኔም ፔዳሉን ረገጥኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ አለ ብሎ ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ግቢ ጠራ። እኔም ያደርኩት ግቢው ውስጥ ባለው ክፍሌ ስለነበር ወጥቼ ቆምኩ። ሰዉ ሞልቶ ሲቀመጥ ታጣቂዎች አጥሩን ከበቡት። ስም ተጠራ። የተጠሩት ወጣቶች እኔ ሦስተኛ ክፍልን የማስተምርበት ክፍል ገብተው ተዘጋባቸው። ከነሱ አንዱ አማቼ ነበር፤ አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ ነበር የመጣው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። መንገድ ተቆርጦ ሳለ ጓድ መምህር በጭቃ መጥቶ ትእዛዙን በሰዓቱ ባያደርስልን ኖሮ አድኃሪያን ወጣቱን ያሸሹት ነበር አለና አስጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ቀጭን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ለተዘጋባቸውም በመስኮቱ በኩል ሁሉም ይሰማል።

ሊቀመንበሩን ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት። የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት አልኩ። አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው። የታዘዘው ቁጥር መሙላት አለበት አለኝ።

«እሺ፣ በሱ ፋንታ ማንን ላስገባ? አንድ ስም ስጠኝ።»

ዝም አልኩ። ከጨዋነት የመጣ ዝምታ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በዚያች ደቂቃ ስም እየፈለግሁ ነበር። የማውቃቸውን ጎረምሶች አንድ በአንድ እያሰብኩ፣ የትኛው እናቱ እንደሞተች፣ የትኛው ብቻውን እንደሆነ እየመረጥኩ ነበር። ሳልጨርስ ሰው ጠራውና ሄደ።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። አማቼ ተነስቶ መጣ። «በቆሎውን በቶሎ እንድታሰበስብ ለሚስቴ ንገርልኝ» አለኝ። ቀጥሎ ትንሽ አየኝና፦ «አታውቅም ነበር፣ አይደል?» አለ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ ይመስለኛል። ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ነቀምቴ ስመለስ ቢስክሌቱን ሙሉውን መንገድ ገፋሁት፤ ሜዳው ላይ እንኳ አልወጣሁበትም። ለሚስቴ ወንድሟ መወሰዱን ነገርኳት፤ ስለ ደብዳቤውም ነገርኳት፣ ከሌላ ሰው መስማቷ ስለማይቀር። የተናገርኩት መታዘዜንና ፖስታው መታሸጉን ብቻ ነው። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ እጇ አላቆመም።

«ሸሚዙን የሰጠኸው ደብዳቤውን ከማድረስህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለችኝ።

«በፊት።»

ሌላ አልጠየቀችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። ስለ ወንድሟ ስታለቅስ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች እንጂ እኔ ፊት አታለቅስም።

መስከረም ላይ ዝውውሬ መጣ። ስላደረግሁት ትብብር የሚል ቃል ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነቀምቴ፣ ከሚስቴ ጋር በአንድ ቤት መኖር፣ ተሰጠኝ። ቢስክሌቱን ለአንድ የእንጨት ነጋዴ ሸጥኩት፤ የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቤቴ እገባለሁ። በአንድ ገበታ እንበላለን። ልጆች ወልደናል። ባለቤቴ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ የምትናገረኝ ለእንግዳ በሚሆን ጨዋነት ነው።

አማቼ ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ በሰው አስጽፎ ላከ። ደህና ነኝ፣ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በነቀምቴ በኩል በእግሩ፣ በመኪና ላይ፣ አንዳንዱም በምርኩዝ አለፈ። ሚስቴና እናቷ መንገድ ዳር እየቆሙ ስሙን ይጠይቁ ነበር። የሚያውቀው አልተገኘም።

መንግሥት ከወደቀ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ የአማቼ ሚስት ከኡኬ መጣች። አባቷ ሲወሰድ በሆዷ የነበረችው ልጅ ትምህርት ቤት ደርሳለች። መሬቱን በስሟ ለማዞር ባሏ እንደሌለ የሚገልጽ ማመልከቻ ያስፈልጋት ነበር፤ ጽሑፍ የሚያውቅ ዘመድ ደግሞ ያላት እኔ ብቻ ነኝ። ሚስቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም በጥሩ የአስተማሪ እጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ «ባለቤቴ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ እስካሁን ስላልተመለሰ» ብዬ። እንዴት ተወሰደ ማለት ማመልከቻው ላይ አያስፈልግም ነበር። አነበብኩላት። ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመችና፣ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ።