ለሠርጉ ያነበብኩላት መልእክት

እንግሊዝኛ ስስታም ቋንቋ ነው። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ ለኮሌጅ መግቢያ በምማርበት የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ መምህራችን ይህንኑ ነበር የምትነግረን፦ ስሙን አንዴ ከጠራችሁ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ለአንዷ «ሺ»፣ ለብዙዎች «ዘይ» በሉ፤ ለአክብሮት ብላችሁ አንዷን ሴት ብዙ አታድርጓት፤ ያላችሁትን ቃል ያለ ምክንያት አትድገሙ። እናቴ ግን ለእህቷ መልእክት ስታስጽፈኝ በየዓረፍተ ነገሩ «እህቴ» ካላለች የተናገረች አይመስላትም።

ጎንደር ያለችው አክስቴ ስልክ አልነበራትም፣ ልጇ ግን ነበረው። ኔትወርኩ ድምፅ ስለማያደርስ በጽሑፍ እንላላካለን፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እኔ በሰባት ዓመቴ ስለመጣሁ ያኔ አማርኛ መጻፍ አልችልም፣ እሱም ለእንግሊዝኛ ፈተናው መለማመጃ ይፈልጋል። ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ባለው ቤታችን እናቴ ትናገራለች፣ እኔ «እህቴ»ዎቿን እየዘለልኩ እጽፋለሁ። መልሱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። ከእህቷ ጋር የሚያገናኛት የኔ አፍ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ሥራ ላይ ሳለሁ መልእክት መጣ። አክስቴ ጠዋት አርፋለች። ልጇ ለእናቴ እንዳልነግራት፣ መጀመሪያ ለአጎቴ እንዳሳውቅ ይለምነኛል። አጎቴ የሁለቱም ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ሴት ልጃቸውን ይድሩ ነበር። ነገርኳቸው።

«ሠርጉ ይለፍ» አሉኝ። «ዓርብና ሰንበት መርዶ አይነገርም። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

አፌን ብቻ ብይዝ ደግ ነበር። እናቴ በየቀኑ «ሆዳዓ አልመጣም?» ትለኛለች፤ መልእክትን በዕብራይስጥ ነው የምትጠራው። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። በዚያው ሳምንት በኮርሱ ስለ ዘመድ ጻፉ ተብለን፣ በሕይወት እንዳለች አድርጌ ስለ አክስቴ ጻፍኩ፦ ትኖራለች፣ ትስቃለች፣ ትጠብቀናለች። መምህሯ «የባለቤትና የግሥ ስምምነቱ ሁሉ ትክክል ነው» ብላ መለሰችልኝ። ደብተሩን ዘግቼ ከቦርሳዬ ግርጌ ከተትኩት።

ረቡዕ ዕለት እናቴ ልብሷን ዘርግታ ቁጭ አለች። እህቷ እንዲህ ዝም ብላ እንደማታውቅ፣ ቃሏን ሳትሰማ ሠርግ ቤት እንደማትገባ ነገረችኝ። ፈራሁ። ስልኬን አወጣሁና ያንኑ የእሑዱን መልእክት ከፈትኩት። የአክስቴ ልጅ እናቱን አንዴ ብቻ ጠርቶ በ«ሺ» ጨርሶታል። እኔ ያንን እያየሁ እናቴ እንደምትወደው አድርጌ አነበብኩላት፤ አንዲት «እህቴ» አልዘለልኩም።

«እህቴ፣ ደህና ነኝ። እህቴ፣ ለሠርጉ ስላልደረስኩ እንዳታዝኚ። እህቴ፣ በኔ ፈንታ ጨፍሪልኝ።»

ፊቷ በራ። ወዲያው ተነሥታ ልብሷን መተኮስ ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ያውቅ ነበር። እናቴ «የእህቴ ድርሻ ነው» እያለች መሐል ገብታ እስክስታ ወረደች። በስልሳ ዓመቷ እንደዚያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። የሚያውቁት ሴቶች ጭብጨባቸው እየሳሳ ሄደ። አጎቴ የሙሽራዋ አባት ሆነው መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ግን ገና ዘፈን ይጨመር ትላለች። ወጥቼ ማልቀስ አማረኝ፣ እሱም እንዳያስጠረጥር ቆሜ አጨበጨብኩ።

እሑድ ሳይነጋ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ወንድሟን ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት። ጩኸቷን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

የሐዘኑን ሰባት ቀን ወለል ላይ ተቀመጠች። ሰው ከሄደ በኋላ ጠራችኝ።

«ጨፍሪልኝ ያለችኝ መቼ ነው?»

ዓይኔን ወደ ስልኬ ጣልኩ።

«አንቺ ነሻ» አለች ቀስ ብላ። «እህቴ አፈር ውስጥ፣ እኔን አስጨፈርሽኝ።»

ዝም እንድል የታዘዝኩት በልማዳችን ነው፤ ያቺን ቃል የጨመርኩት ግን እኔው ነኝ። አሁንም አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ ምግቤንም ታቀርብልኛለች። ከአክስቴ ልጅ መልእክት ሲመጣ ግን ስልኩን ከእጄ ትወስድና ሦስተኛ ፎቅ ወዳለችው፣ እንግሊዝኛም አማርኛም ወደምታውቀው ነርስ ጎረቤታችን ትወጣለች። በራችንን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ። ነርሷ አንብባላት ስትጨርስ እናቴ ደግማ እንድታነብላት ትለምናታለች፤ እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ።