አሮጌው ዲስክ እና የሽማግሌው ምርቃት

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ባለቤቱ ሙዜ ጉዮ አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ከመሳቢያ አውጥተው በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። «ይቺን አደራ!» አሉኝ። «ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።» እኔ ካሜራ የምይዝ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ዲስክ ጠባቂ ሆኜ አረፍኩት።

ሥራዬ ቀረጻውን ከካሜራው ካርድ ወደ ዲስክ መገልበጥ፣ መቁረጥ፣ ዘፈን ማስገባትና በፍላሽ ለደንበኛ ማስረከብ ነበር። ቦታ ሲጠብ አዲስ ዲስክ ይገዛል። የሙዜ ጉዮ ጉድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከየትም የሚገኘውን ፊልምና ዘፈን አዲሱ ላይ ያስጭኑኛል፤ ሌላ ቅጂ የሌለውን የሰው ሠርግ ግን አሮጌው ላይ!

ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። ጎልቦ ቆላ ግመል ሲጠብቁ ያደጉ ሰው ናቸው። «ቤተሰብ ሲጓዝ የወተት ዕቃውን በጎረምሳ ግመል ላይ ይጭናል እንዴ? ደንብሮ ይሰብረዋል። በአሮጌው ላይ ነው እንጂ፤ እሱ መንገዱን ያውቃላ!» ከጨዋታ አዋቂ ጋር መከራከር እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ዲስክ ግን መንገድ አይለምድም። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለ፤ የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ያልቃል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማማ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ጠዋት አንድ ፎልደር እስኪከፈት ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። በማግስቱ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። የዲስክ ጤና የሚመረምረውን ፕሮግራም ስከፍት ቢጫ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

«ሙዜ፣ ይቺ ትቀየር» አልኩ።

«ትሠራለች አይደል? ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም» ብለው ወደ ደንበኞቻቸው ዞሩ።

በዚያው ሳምንት ደንበኛችን ማማ ሎኮ ከኡራን መንደር በጭነት መኪና መጡ። ልጃቸው ልታገባ ነው። የማማ ሎኮ አባት፣ ማለትም የሙሽራዋ አያት፣ ከዓመታት በፊት በታላቅ እህቷ ሠርግ ላይ ሲመርቁ የቀረጽነው እኛ ነበርን። ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም። ለቤተሰቡ የሰጠነውም ፍላሽ ጠፍቷል። ሙሽራዋ ደግሞ «አያቴ በቪዲዮም ቢሆን ሳይመርቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላለች። ምርቃቱ የቀረው አሮጌው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

ሙዜ ጉዮ ዲስኩን ሊሰኩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። የአሠሪ እጅ መያዝ ድፍረት ነው፤ ያዝኩ። «አሁን ስንሰካት የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል። ከፍቶ ማየት የለም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። መጀመሪያ ምርቃቱን እናውጣ።»

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ማማ ሎኮ።

«አርጅቷል፣ ማማ።»

«እያወቃችሁ የአባቴን ድምፅ እዚያ ላይ ጫናችሁት?» ወደ ሙዜ ዞሩ። «አንተ ጉዮ፣ ግመል ታውቃለህ አይደል? አሮጌው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ጭነቱን የምታወርድለት ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ከወደቀ በኋላ?»

ሙዜ ጉዮ ዲስኩን ለእኔ አቀበሉኝ። «ኤዬ። እንዳልሽ አድርጊ» አሉኝ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም!

ሰካሁት። ዲስኩ አቃሰተ፣ ፎልደሩ ግን ተከፈተ። የምርቃቱን ቀረጻ ብቻ መርጬ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። አረንጓዴው መስመር ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጥ አለ። ቀጭ! ቀጭ! ማማ ሎኮ ከወንበራቸው ተነስተው ዲስኩን እንደ ሰው «ጀባዱ! በርታ!» ይሉት ጀመር። መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«አለቀ!» ብዬ ጮህኩ። ማማ ሎኮ እልል አሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሠርጉ እኛ ጋ የተጀመረ መስሎት መጣ።

ሳልውል ሳላድር ሌላውንም ማውጣት ቀጠልኩ። ጥቂት ሠርጎች ተረፉ። የታላቅ እህቷ ሠርግ ጭፈራ ላይ ስደርስ ዲስኩ ጸጥ አለ፤ ዳግመኛም አልዞረም። የብዙ ሰው ሠርግ አብሮት ቀረ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሙዜ ጉዮ የዚያኑ ዕለት ሁለት አዳዲስ ዲስኮች አስመጡ፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላውም ላይ እንዲኖር። ዲስክ መቼ ይቀየር የሚለውንም ውሳኔ ለእኔ ተዉልኝ።

ከዚያ ለማማ ሎኮ ምርቃቱን ከአዲሱ ዲስክ ከፈትኩት። የሽማግሌው ድምፅ ሱቁን ሞላው። ማማ ሎኮ በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ፤ ሙዜ ጉዮ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ማማ» አሉ ሙዜ ቀስ ብለው። «ጭፈራው ጠፍቷል።»

«ጭፈራውንማ እኛው እንጨፍረዋለን!» አሉ ማማ ሎኮ እንባቸውን እየጠረጉ። «ምርቃቱን ነበር ማንም የማይደግምልን።»

ሃርድ ዲስክ የሚቀየረው እየሠራ ሳለ ነው። ቀጭ ማለት ከጀመረ ዘግይታችኋል፤ ያኔ ሌላ ቅጂ የሌለውን አስቀድሙ።