ሰባት ሚሊ ሜትር

የጋሽ ወልደ ሰንበት ኩራት አንዲት ናት፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ከእጃቸው ወጥቶ ተመልሶ የመጣ ሥራ የለም። ፎቅ አልሠሩ፣ መኪና አልገዙ፤ ቢቸና ውስጥ ግን «ማኅደር ሰፊው» ብሎ ለጠየቀ ሰው ሕፃኑም ሽማግሌውም በራቸውን ያሳያል። ከመርጡለ ማርያም ድረስ ዳዊትና ድርሳን ይዘው የቆዳ ማኅደር ሊያሰፉ የሚመጡ ካህናት አሉ። እሳቸውም መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን በክር ይለካሉ፤ ወፍራሙን ጀርባውንማ ሁለቴ ነው የሚለኩት። ቆዳው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። «መጽሐፉ ሳይመጣ ካራ አይነሣም» ይሉ ነበር አባታቸው። ይህን ሕግ ጋሽ ወልደ ሰንበት ለጳጳስ እንኳ አላፈረሱም።

ለጳጳስ ያላፈረሱትን ለመምህርት ሊድያ አፈረሱት።

ሊድያ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። አራት ዓመት በግቢያቸው ተከራይታ ኖራለች። እሷ ፕሮቴስታንት፣ እሳቸው የደብር ሰው፤ ስለ ሃይማኖት አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም፣ በዚህም ተስማምተው ኖሩ። እንዲያ እንዲያ ሲል ዝውውሯ ደረሰና ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ በራሪ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሞጣ ካለው ሱቅ ላፕቶፕ አዝዣለሁ። እንደ ዳዊት ማኅደር አድርገው ማንገቻ ያለው ይሥሩልኝ። የርስዎን የእጅ ሥራ ይዤ ልሂድ።»

ባሕር አረብ የሚባለውን ቀይ ቆዳ የሚያለፋላቸው ሰውዬ ከሞተ ወዲህ አንድ ቆዳ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ለማን እንደሚያደርጉት ሲያስቡ የኖሩት ቆዳ ነው። ለሷ ይሁን አሉ በልባቸው።

«ዕቃው የታለ?»

«ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም። የምሄድበት ሳምንት ሰኞ ይደርሳል፣ ዓርብ እሄዳለሁ። ልኩ ግን እዚህ አለ፤ ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ውፍረቱም።»

ወረቀቱ ላይ በትልቅ ቀይ ፊደል «ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ! ከጣትዎ የቀጠነ!» ይላል። ጋሽ ወልደ ሰንበት ጣታቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። በእጅ ስፌት ማኅደር ዐሥር ቀን ይፈጃል፤ ዕቃውን እንጠብቅ ቢሉ ልጅቱ ባዶ እጇን መሄዷ ነው። ካራውን አነሡ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ኧረ ሰውዬ፣ መጽሐፉ ሳይመጣ ካራ አይነሣም ይሉ አልነበረም?»

«ተጽፏል እኮ! የተጻፈ ነገር ይዋሻል?»

ምን ይፈረድባቸዋል? ዕድሜያቸውን ሙሉ እጃቸው የገባው ጽሑፍ ዳዊትና ተአምረ ማርያም ነው። ወረቀት ሊያሞኝ ይችላል የሚል ሐሳብ በየት በኩል ይግባባቸው!

ዐሥር ቀን በወስፌና በጅማት ሰፉ። ማኅደሩ አለቀ፤ ያየው ሁሉ «እሰይ፣ እጅዎ ይባረክ!» አለ።

ሰኞ ሊድያ ላፕቶፑን ይዛ እየሳቀች ገባች። ወደ ማኅደሩ ሰደዱት። ጫፉ ሰተት ብሎ ገባ፣ እስከ ግማሹ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ሊድያ ገፋ ስታደርገው ስፌቱ ሲጥ አለ።

«ተይ! አትግፊው» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

ሊድያ የሰውዬውን ነገር ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግድ የለም ጋሼ፤ ወረቀት እይዝበታለሁ። ለማንም አልናገርም። ተመልሶ መጣ አይባልም» አለቻቸው።

ይህ «ለማንም አልናገርም» የሚለው ነገር ከወስፌ ይልቅ ወጋቸው። የሠሩት ሥራ ትክክል ነው፤ የዋሸው ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ የጻፈው ሰውዬ በሰው ፊት «ዋሽቻለሁ» ይበልና ስማቸውን ይመልስላቸው። ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን፣ ማኅደሩንና በራሪ ወረቀቱን ይዘው በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄዱ።

የሱቁ ባለቤት እዮብ የሚባል ትሑት ሰው ነው፤ ሊጣሉት የማይመች ዓይነት። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ነገሩን ሲነግሩት ማስመሪያ አወጣና የላፕቶፑን የፊት ጠርዝ ለካ።

«ይኸው አባቴ፤ ዐሥራ ሁለት! ምኑ ላይ ዋሸሁ?»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ዕቃውን አዞሩና ማስመሪያውን ተቀብለው ክዳኑ የሚታጠፍበትን ጀርባውን ለኩ። ዐሥራ ዘጠኝ።

«ይህስ?»

«እሱማ ኋላው ነው።»

«ሰው ኋላውን ቤቱ ትቶ ይሄዳል እንዴ? አንተ ቁመትህን ስትጠየቅ ተቀምጠህ ነው የምትለካ?»

ሱቅ ውስጥ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ የግብርና ባለሙያ ሳቁን ለቀቀው። «አባት እውነታቸውን ነው! እኔም ‹ቀጭን ነው› ብለውኝ ሦስት ዓመት ስሸከመው ትከሻዬ ጎበጠ።»

እዮብ አልተቆጣም። «አባቴ፣ ሁሉም ድርጅት የሚለካው እንዲህ ነው። አንዱ ዐሥራ ሁለት ሲል ሌላው ዐሥራ አንድ ይላል። የኋላውን የሚጽፍ ቢኖር ገዢ ያጣል። እኔ ደግሞ ያልጻፍኩት ነገር የለም፤ ይኸው ከግርጌው ላይ ያንብቡት።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት መነጽራቸውን አደረጉ። ከወረቀቱ ግርጌ የቁንጫ ዓይን በምታክል ፊደል «በቀጭኑ ጫፍ የተለካ» ይላል።

ደጋግመው አነበቡት። እውነትም ተጽፏል። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው አንዲት ገጽ እስከ ግርጌዋ ሳያነብ ካራ አነሣ! ቁጣቸው የት እንደ ገባ ጠፋ፤ በምትኩ ሐፍረት መጣ። እዮብ አዘነላቸውና አንድ የናይሎን ቦርሳ በነፃ ለልጅቱ እንዲወስዱላት ዘረጋላቸው።

«ይቅር ልጄ። አንተ ጫፉን ለካህ፤ እኔ ጭራሽ ወረቀት ለካሁ።»

ማታ ቤት ሲደርሱ ለወይዘሮ ሀብትነሽ ሁሉንም ነገሯቸው። እሳቸውም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ብቻ ተዉት፤ ለሳቸው ይህ ብዙ መታገሥ ነው።

ረቡዕ ጋሽ ወልደ ሰንበት የማኅደሩን ጎን ፈቱ። ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በክር ለኩ፤ ጀርባውን ሁለቴ። ጎኑ ላይ ጥብጣብ ቆዳ መጨመር አለበት፤ ቀይ ቆዳ ግን የለም። ያለው ነጭ የበግ ቆዳ ነው።

«የጫማ ቀለም ቀባ ያድርጉት፤ ማን ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ነጩን እንደ ነጭነቱ ሰፉት።

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ሊሸኟት አብረው ሄዱ። ሊድያ ላፕቶፑን ስታስገባው እስከ መጨረሻው ሰተት ብሎ ገባ። አነገተችው። ተሳፋሪው ከቧት ማኅደሩን እየዳበሰ ሲያደንቅ አንድ ቄስ ቀና አሉና፣ «የወልደ ሰንበት ሥራ አይደል? ተመልሶ አያውቅም» አሉ።

ሊድያ ጋሽ ወልደ ሰንበትን አየቻቸው። ከንፈሯን ገጠመች፤ እንዳለችውም ቃል አልተነፈሰችም።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ግን እጃቸውን ሰደው በቀዩ መካከል የተሰፋችውን ነጭ ጥብጣብ ነኩ።

«ይኸኛው ተመልሷል፣ አባ» አሉ። «የተሳሳትኩት ይቺን ታህል ነው። ሰባት ሚሊ ሜትር።»