የብቻ ፎጣ

የጉደሩ ልብስ ሰፊ ኦቦ ሞሲሳ ክፉ አባት አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። ልጁን የበደላት ስለወደዳት ነው።

ልጁ ጃለኔ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ግራ ዓይኑ ደም መሰለ። ብርሃን እየወጋው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ጎረቤቱ ሁሉ «የዓይን ማዝ ነው፣ ልጂቱን እንዳታስይዛት» አለው። እሱም ፎጣውን ለየ፣ መታጠቢያውን ለየ፣ ልጁን መሳም ተወ። መቅላቱ ደግሞ ለቀቀ ሲሉት እየተመለሰ፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ይይዘዋል። በመጣ ቁጥር ሚስቱ ጌጤነሽ የእሱን ፎጣ ደጅ ሚስማር ላይ ለብቻው ትሰቅላለች። ፎጣው ከተሰቀለ ጃለኔ አባቷ አጠገብ ድርሽ አትልም። ጠዋት ጠዋት ወገቡ አልታጠፍ ሲለው ደግሞ በስፌት መኪናው ያሳብብ ነበር።

እንዲህ እያለች አደገች፤ አዲስ ዓለም ከተማ ሄዳ ሱቅ ተቀጠረች። ለዘንድሮው መስቀል እንኳ «ሥራ በዛብኝ» ብላ ቀረች።

የግራው ዓይን ጭራሽ ሲጨልም አምቦ ያለች ሐኪም ደሙን አዲስ አበባ ልካ አስመረመረችለት።

«ኦቦ ሞሲሳ፣ ይሄ የዓይን ማዝ አይደለም» አለችው። «ሰውነትዎ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ዓይንዎንና ወገብዎን እያጠቃ ነው። ደምዎ ውስጥ ኤችኤልኤ ቢ ሃያ ሰባት የሚባል ምልክት ተገኝቷል። ከወላጅ ይወረሳል። ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ዓይኑ የቀላ ግን ቶሎ ካልታከመ እንደ እርስዎ ይሆናል።»

«በፎጣስ? በመሳምስ?»

«በፍጹም አይተላለፍም።»

የጠረጠረ ቤቱን አጠረ ይባላል፤ እሱ የፈራው ነገር ግን ድሮውኑ ከአጥሩ ውስጥ ነበር። ከክሊኒኩ ሳይርቅ ስልክ ደወለላት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ነይ። ልስምሽ።» ጃለኔ ሰው የሞተ መሰላት፤ እንዲህ ብሏት አያውቅማ።

በማግስቱ መጥታ ደፍ ላይ ቆመች። ኦቦ ሞሲሳ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። በቀረችው፣ እሷም በደከመች ዓይኑ ጥላዋን እንጂ ፊቷን አልለየም።

«አባዬ፣ አትጠጋኝ» አለችው ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ዓይኔ ከቀላ ሰንብቷል። ለመስቀልም የቀረሁት እንዳላስይዝህ ብዬ ነው። አሁንም የራሴን ፎጣ ይዤ ነው የመጣሁት።»