ኮሸሽላ የተቀመጠበት ወንበር

በሴልዊክ መሳፍንት ቤት፣ ጎብኚ እንዳይቀመጥባቸው በየወንበሩ ላይ ደረቅ ኮሸሽላ እናደርጋለን። ትናንት አንዲት አሮጊት ገቡ። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቦቲያቸው ጭቃ ነክቶታል። ግድግዳው ላይ ያለውን የመጀመሪያውን መስፍን ሥዕል ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ኮሸሽላውን አንስተው እኔን አስታቀፉኝና በመስፍኑ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«እማማ፣ መቀመጥ ክልክል ነው» አልኳቸው።

«ማዕረጉን ሴት አትወርስም ብለው ለአጎቴ ልጅ ሰጡት። ይውሰደው!» አሉ። «ኮሸሽላ እዚህ ማስቀመጥ የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ፣ ልጄ። ያኔ የከለከልኩት የአባቴን ውሻ ነበር።»

ጎብኚው ሁሉ የሥዕሉን ቆልማማ አፍንጫ አየና ወደ እሳቸው ዞረ። ያው አፍንጫ ነው።

«እመቤቴ» አልኩ፣ «ትራስ ላምጣልዎት?»