ከመደቡ ሥር ያለው ድምፅ

ልጅ እያለሁ፣ አባቴ በሞተ በሰባተኛው ቀን፣ ይተኛበት የነበረው የጭቃ መደብ መንሾካሾክ ጀመረ።

ቤታችን ከላሊበላ በላይ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም እስከ ደጃፍ በሚወርድበት ሸንተረር ላይ ነበር። አባዬ ማር ቆርጦ ለከተማው ጠጅ ቤቶች ይሸጥ ነበር። አንድ ጊዜ የባንክ ሠራተኞች የቁጠባ ደብተር እንዲያወጣ ቢመክሩት፣ «የማላነበውን ወረቀት ይዤ ብሬን ላስረክብ?» ብሎ ሸኛቸው። እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ገንዘቡን የት እንደሚያኖር ለእማዬ እንኳ አልነገራትም። ገበያ መሀል ድንገት ወድቆ ሲሞት ምስጢሩን ይዞት ሄደ።

ድምፁ የሚመጣው ጉሙ ቤቱን ሲያለብሰው፣ ዶሮዎቹ እንኳ ዝም ሲሉ ነበር። ጣቱን እያራሰ ብር የሚቆጥር ሰው ያለ ይመስላል። እማዬ ፊቷ ይገረጣና «ዝም በይ፣ አባትሽ ነው» ትለኛለች። ወደ መደቡ መጠጋት ተከለከልኩ። የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል ረጩ፤ ድምፁ ጥቂት ቀን ጸጥ ብሎ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር እኔ ድምፁን እወደው ነበር። አባዬ ያለ እየመሰለኝ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እገባ ነበር።

ለአርባው ተዝካር ገንዘብ ሲጠፋ እማዬ አንዱን የእርሻ በሬ ሸጠች።

ክረምት ገብቶ መደቡ በእርጥበት ሲናድ፣ ጭቃው መሀል የተቦረቦረ ስልቻ አየሁ። እጄን ስሰድ ሞቃት ነገር ተንቀሳቀሰ። ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው እማዬ ስልቻውን ገልብጣ አራገፈችው። የተበጣጠሰ ብር፣ በመሀሉም ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ የአይጥ ልጆች። አሥር ብር ላይ ያለችው ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ ግማሽ ፊቷ ተበልቶ፣ ከጎጆው ጠርዝ ታየናለች።

እማዬ አላለቀሰችም። «እኛ ስንፈራው ተበላ» አለች ቀስ ብላ። በዚያው ሳምንት እኔን ይዛ ወደ ከተማ ወረደች፤ በጣቷ ፈርማ ደብተር አወጣች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ደብተሩን ደጋግማ አስነበበችኝ።

ዛሬ ኩልመስክ ከተማ ባለ አንድ የቁጠባ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ብር በስልክ በሚላክበት በዚህ ዘመንም ገንዘቡን ቀብሮ የሚያድር ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ ልጁን አስከትሎ መጣ። ደብተሩን ሰጣትና «በይ አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ» አላት። ጮክ ብላ አነበበችለት።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።